የተሳቢ ጎማ ሲለወጥ መመርመር የሚገባው ነገር

በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር በቆሎው በተሰበሰበ ጊዜ በትራክተር የሚጎተተው ተሳቢ ብዙ ድካም ያቃልላል። ጎማው ባለቀ ጊዜ ግን ገዢው አስቀድሞ የሚዳስሰው ጥርሱን ነው። ጥርስ ዕድሜን አይናገርም፤ ተሳቢ ከመከር እስከ መከር በፀሐይና በዝናም ቆሞ የሚከርም ስለ ኾነ ጎማው ሳይሮጥ ያረጃል፥ ጎኑም ይሰነጠቃል።

ዕድሜው የሚታወቀው «ዲ ኦ ቲ» ተብሎ በጎኑ ከተጻፈው ምልክት መጨረሻ ባሉት አራት አኃዞች ነው። 3519 ቢል፥ በፈረንጆች 2019 ዓመት በ35ኛው ሳምንት፥ ይኸውም በእኛ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ተሠርቷል ማለት ነው። በአገራችን አቈጣጠር ያነበበው ሰው ግን አሮጌውን ጎማ በ2019 ዓ.ም. የተሠራ አዲስ ያደርገዋል፤ ሻጩም አይቶ ዝም ሊለው ይችላል።

ኹለተኛው የሸክሙ ቍጥር ነው። 100 ያለው 800 ኪሎ፥ 106 ያለው 950፥ 108 ያለው 1,000 ኪሎ ይሸከማል። ተሳቢው ራሱ 5 ኩንታል ቢመዝንና 15 ኩንታል በቆሎ ቢጫንበት፥ በኹለቱ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው 2,000 ኪሎ ያህል ነውና 106 አይበቃም። 108ም ቢኾን ልኩ ብቻ ነው፤ መንገዱ ባዘነበለ ጊዜ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ ከዚያ ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ከቍጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል የፍጥነቱ ወሰን ነው፤ «ኤ 8» ማለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለው ለእርሻ የተሠራ ጎማ በፒካፕ ተጎትቶ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ቢሮጥ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚጎዳውም በቆሎው ብቻ አይደለም፥ በመንገዱ ዳር የሚሄደው ገበያተኛ ጭምር ነው።

ስለዚህ የወረዳው ሹም የግዢውን ጥያቄ በሚፈርምበት ጊዜ፥ «ጎማ ኹለት» ከሚለው ቃል ጋራ ልኩ፥ የሸክሙ ቍጥር፥ የፍጥነቱ ፊደልና የተሠራበት ዘመን እንዲጻፍ ያድርግ፤ ኹለቱም ጎማዎች አንድ ዐይነት ይኹኑ። ነፋሱም በጎማው ላይ እስከ ተጻፈው ልክ፥ ጠዋት ሳይሞቅ ይሞላ።