ታላቅ ስም ወይስ የአገር ልጅ?

የጅቡቲ ከተማ ሐሩር በረድ ሲል የማታው ጨዋታ ኳስ ነው። በአርሰናልና በባርሴሎና የተሰለፈው ካሜሩናዊ አማካይ አሌክሳንደር ሶንግ እ.ኤ.አ. በ2020 በ33 ዓመቱ ለአርታ ሶላር 7 ክለብ በፈረመ ጊዜ ደጋፊዎች የሚሟገቱበት ጉዳይ አገኙ። ክለቡ በ2021 የሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ በ2022 ደግሞ በ2012 ከቼልሲ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንነትን የተቀዳጀው የአይቮሪ ኮስቱ ሳሎሞን ካሉ ተከተለ።

ሙግቱ ግን በዋንጫ አይዘጋም። እንግዳው ኮከብ በተሰለፈ ቁጥር አንድ የአገር ልጅ ከተጠባባቂ ወንበር ይቀመጣል። የጅቡቲ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ አያውቅምና፣ ለወጣቱ የሚሰጠው ቦታ ተራ ነገር አይደለም። በሌላ ወገን ታላቅን ባለሙያ ዕለት ዕለት በልምምድ ሜዳ ማየት በገንዘብ የማይገዛ ትምህርት ነው።

እኛ የምንፈርደው እንደ ወታደር ነው፦ የነባር አሥር አለቃ ዋጋ የሚለካው በራሱ ዒላማ ብቻ ሳይሆን ባሠለጠናቸው ምልምሎች ጭምር ነው። እመቤቶቻችንም ይህን ያውቁታል፤ ልጅ ወጥ መሥራት የምትለምደው ከእናትዋ ጎን ቆማ እንጂ ከምድጃው ርቃ አይደለም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ክርክሩን ስታነሡ ጎሉን ብቻ ሳይሆን በታላቁ ሥር ያደገውንም ልጅ ቁጠሩ።