የገፈራ እፍጋት፦ በርሜልና ሚዛን

በሐይቅና በአምባሰል የመኖ ችግር ሣር ከማጣት ይልቅ ሣሩን ካለበት ወቅት ወደሌለበት ወቅት ማሻገር አለመቻል ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። በክረምቱ መውጫ ለምለሙ ይትረፈረፋል፤ በጋው ሲጠና ከብቱ በጤፍ ጭድና በማሽላ አገዳ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ገፈራ (ሳይሌጅ) ሲመከር ስለ አቆራረጡ፣ ስለ ሞላሰሱና ስለ ፕላስቲኩ በሰፊው ይነገራል፤ አጠቃጠቁ ግን ብዙውን ጊዜ «በደንብ ይረገጥ» በሚል ቃል ይታለፋል። ይህ «በደንብ» የሚለው በኪሎ ሊነገር ይገባዋል፤ ሊነገርም ይችላል።

በተከተፈው ሣር መካከል የቀረው አየር እስኪያልቅ ድረስ ስኳሩ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ መኖውን የሚያቆየው አሲድም ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት የተደረገ ጥናት ጉዳቱን በቁጥር አስቀምጦታል፦ በሜትር ኩብ 160 ኪሎ ደረቅ ቁስ (ውኃው ሲወጣ የሚቀረው) ብቻ የያዘ ክምችት በ180 ቀን ውስጥ 20 በመቶ ያህሉን ሲያጣ፣ 350 ኪሎ የያዘው ያጣው 10 በመቶ ገደማ ነው። በኋላ በዊስኮንሲን 168 ማከማቻዎች ሲለኩ እፍጋታቸው ከ106 እስከ 434 ኪሎ ተለያይቷል። ትራክተር በሚነዳበት አገር እንኳ ዓይንና እግር የሚሰጡት ግምት ይህን ያህል ይራራቃል። በዚያ የሚሠራበት መለኪያ ስለታም የብረት ቱቦ ነው፤ ክምሩ ውስጥ ይሰረሰርና የወጣው ናሙና ተመዝኖ ለቀዳዳው ይዘት ይካፈላል። ላይኛው ክፍልና ዳር ዳሩ ከመሃሉ ስለሚላላ አንድ ናሙና አይበቃም። የተለመደው ግብ 240 ኪሎ ደረቅ ቁስ ነው።

ለሐይቅ ገበሬ ቱቦው አያስፈልገውም። ይዘቱ የታወቀ ዕቃ ካለ የሚገባውን መመዘን ይበቃል። ባለ 200 ሊትር በርሜል 140 ኪሎ ከያዘና መኖው 35 በመቶ ደረቅ ቁስ ካለው፣ እፍጋቱ 245 ይሆናል። 100 ኪሎ ብቻ ከገባበት ግን ወደ 175 ይወርዳል። ክብደት ብቻውን ያታልላል የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ገና የታጨደ የዝሆን ሣር አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በርሜሉን ያከብደዋል፤ አየሩ ቢቀንስም ይሸታል፣ ጭማቂውም ይፈስሳል። ስለዚህ ሣሩ አስቀድሞ ይጠውልግ፤ አንድ ኪሎውም በፀሐይ ደርቆ ይመዘን። ውጤቱ እንደ ቤተ ሙከራ ባይጠራም ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ሁለተኛው ሙግት፣ የአሜሪካው ቁጥር ግዙፍ ማከማቻዎችን እንጂ የታሸገ በርሜልን አይመለከትም የሚል ነው። እስኪከፈት ድረስ ይህ ያስኬዳል። አንድ ሁለት ላም ያለው ሰው ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚያወጣ አየሩ በላላው መኖ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያገኛል፤ ሻጋታውም ይከተላል። እንዲያውም ባለ 50 ኪሎ ከረጢቶችን እየጠቀጠቁ አንድ በአንድ መክፈት ይሻላል። ሦስተኛውና ከባዱ ሙግት የማሽላው ነው፦ እህሉ ሳይደርስ አገዳውን የሚያጭድ ማን አለ? ማንም የለም። የደረቀ አገዳ ደግሞ ቢረግጡት ተመልሶ ስለሚነሳ ለገፈራ አይመችም፤ ጥሬ ዕቃው ከእርከን ላይ የሚበቅለው ደሾና የዝሆን ሣር ሊሆን ይገባል።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ሣሮች የሚስማማውን ቁጥር ይለኩልን፤ እስከዚያው የልማት ሠራተኞች «በደንብ ይረገጥ» ከማለት ይልቅ፣ ለጠወለገ ሣር፣ «በርሜሉ 140 ኪሎ ይያዝ» ይበሉ።