ሰቆጣ፦ የዋግ መናገሻ

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች፣ ወደ ተከዜ የሚወርደውን ሞቃት ቆላ ከደጋው ጋር የምታገናኝ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 22 ሺህ ገደማ ነበር። ከአማርኛ ጎን ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ኽምጣና ይነገርባታል፤ የዞኑ ልጆችም በትምህርት ቤት ይማሩታል።

መናገሻነቷ የቆየ ነው። አገሩን የገዙት ዋግ ሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይመዝዛሉ። ዋግ ሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ግን አድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ተመቱ። ከዚያው ቤት የተወለዱት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደግሞ ጣሊያንን ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ወደቁ። ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። ይህን ያህል የከፈለ አገር በታሪክ መጻሕፍታችን ከዚህ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባው ነበር።

ከተማዋን ያበለጸጋት ግን ገበያው ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰቆጣ ስመ ጥር የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ ይራገፍባት ነበር። አሞሌ ጨውም ገንዘብም ስለነበር ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ ሰቆጣ ላይ ገዝቶ ወደ ደቡብ የሚሻገር ነጋዴ ትርፉን የሚያገኘው በዚሁ ልዩነት ነበር። ዛሬ ገበያዋ የሚያውቀው የዋግን ማርና የአበርገሌን ፍየል ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ዓሣም ተጨምሯል፤ የቆላው ወጣቶች ተደራጅተው ከሐይቁ ያጠምዳሉ።

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የሻደይ ሰሞን ይገባል። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው በቡድን ይጨፍራሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዓል ነው።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ15 ዓመት ውስጥ ለማስቀረት ሲወስን ውሳኔውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው። ሥራው በአማራና በትግራይ፣ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ተጀመረ። ቦታው በትክክል የተመረጠ ነው፤ በዋግ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ስለሚወጣ ሰብሉ ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። ከዚያ ወዲህ ጦርነትና ድርቅ ተደራርበዋል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም ሰቆጣ ተጠልለዋል። የከተማዋ ስም ያረፈበት ቃል ኪዳን በእነዚህ ቤተሰቦች ሕፃናት ላይም የሚጸና መሆን አለበት።