የእናት ቋንቋ ከጉባኤ በቀረ ጊዜ
በካምፓላ ስለ ተደረገው የደራስያን ስብሰባ

ሰውን በጽሕፈቱ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ቀርቦ ቃሉን በጆሮ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በየአገሩ የስመ ጥር ደራስያን ጉባኤ ሲደረግ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ መጽሐፉን ያነበበውም ሰው ጸሐፊው በገዛ አፉ ስለ ሥራው ሲናገር ይሰማል። ከነዚህ ጉባኤዎች መካከል ለአፍሪቃ ሰዎች ታላቅ ትምህርት የሚሆነው በሰኔ ወር 1954 ዓ.ም. በኡጋንዳ ከተማ በካምፓላ፥ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተደረገው ነው። ይህንም ነገር በቤተሰብ ገጽ ላይ የምንጽፍበት ምክንያት፥ ጉዳዩ ከሊቃውንት ክርክር አልፎ ወደ ቤታችንና ወደ ልጆቻችን የሚደርስ ስለ ሆነ ነው። ከዚህ በታች የምናነሣው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ቍጥር ነው።

ጉባኤው በተደረገበት በ1962 ኡጋንዳ ገና በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ነጻነቷን ያገኘችው ከጥቂት ወር በኋላ በዚያው ዓመት ነው። ከናይጄሪያ ቺኑዋ አቼቤ፥ ዎሌ ሾይንካና ክሪስቶፈር ኦኪግቦ መጥተው ነበር። ከደቡብ አፍሪቃ አገራቸውን ትተው የተሰደዱት እዝቅኤል ምፋሌሌ፥ ከአሜሪካም ባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝ ተገኝተዋል። ከሴቶችም ወገን የኬንያ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ግሬስ ኦጎት የጻፉትን ታሪክ በዚያ ለተሰበሰቡት አነበቡ። እኒህ ወይዘሮ የአስታማሚነትና የአዋላጅነት ሙያ የተማሩ ሲሆኑ፥ ያ ሙያቸው ብዕር ከማንሣት አላገዳቸውም።

በዚያው ኮሌጅ ጄምስ ንጉጊ የሚባል አንድ ወጣት ተማሪ ነበረ። ይህ ልጅ ወደ ጉባኤው ለመግባት የበቃው በእንግሊዝኛ ጽፎ ባሳተማቸው ሁለት አጫጭር ታሪኮች ነው። ደግሞም ገና ያልታተመ አንድ ረዥም ልብ ወለድ በእጁ ጽፎ ይዞ ነበር። አቼቤ ከአራት ዓመት በፊት ባወጡት መጽሐፍ ስማቸው የተጠራ ስለ ሆነ፥ ልጁ ከጉባኤው ንግግር ሁሉ ይልቅ የጓጓው እሳቸው ጽሕፈቱን እንዲያዩለት ነበር። ሰጣቸው፤ እሳቸውም ሳይንቁ ተቀብለው አነበቡት። መጽሐፉ በ1964 በለንደን ታተመ። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ማሳረሙን፥ መምህሩም ተቀምጦ መስማቱን ለምናውቅ ለእኛ፥ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ታላቅ ሰው ለታናሹ አንድ ሰዓት ጆሮውን ቢሰጠው፥ ያ ሰዓት የልጁን ዕድሜ ሁሉ ሊያቀናው ይችላል።

ነገር ግን በጉባኤው ላይ አንድ ታላቅ ጕድለት ነበረበት። የተጠራው በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ የአፍሪቃ ደራስያን ብቻ ነው። በስዋሂሊ ቋንቋ ብዙ ግጥምና ታሪክ የደረሱት የታንጋኒካው ሻባን ሮበርት አልተጠሩም፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ዐረፉ። ከ1938 ጀምሮ በዮሩባ ቋንቋ መጻሕፍት ያወጡት ፋጉንዋም እንዲሁ ቀሩ። ሁለት አጫጭር ታሪክ ያለው ተማሪ ሲገባ፥ በእናታቸው ቋንቋ ብዙ መጻሕፍት የጻፉት ሊቃውንት በውጭ ቀሩ ማለት ነው።

ይህን ነገር በኋላ አጥብቀው የነቀፉት ያው ተማሪ፥ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተብለው በዓለም ሁሉ የታወቁት ደራሲ ናቸው። በልጅነታቸው ማታ ማታ በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው በጊኩዩ ቋንቋ ተረት ይሰሙ ነበር። በተማሩበት ትምህርት ቤት ግን ይህንኑ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይመታ፥ ወይም የሚያዋርድ ጽሕፈት ያለበት ሰሌዳ በአንገቱ ይንጠለጠልበት ነበር። በ1977 ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋራ ሆነው በጊኩዩ የተጻፈ ቴያትር ስላሳዩ፥ ያለ ፍርድ ታሰሩ። በእስር ቤትም በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በእናታቸው ቋንቋ አንድ ልብ ወለድ ጻፉ፤ መጽሐፉም በ1980 ታትሞ በዚያው ዓመት ደግሞ ደጋግሞ ታተመ። ንጉጊ ራሳቸው እንደ ተረኩት፥ ቤተሰቡ ማታ ይሰበሰብና ፊደል የሚያውቀው አንዱ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉ ያነብ ነበር። አያት የማያነብበውን የልጅ ልጅ አነበበለት፤ ታሪኩም ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቤት ገባ።

አቼቤ ግን በዚህ ነገር ከንጉጊ ጋራ አልተስማሙም። የእንግሊዝኛን ቋንቋ ለአፍሪቃ ነገር እንዲመች አድርጎ ማገልገል ይቻላል ብለው አመኑ፤ በዚያውም ሲጽፉ ኖረው በ2013 ዐረፉ። ንጉጊም በ2025 ተከተሏቸው። ወይዘሮ ግሬስ ኦጎት በበኩላቸው በሁለቱም መንገድ ሄዱ፤ በእንግሊዝኛ ከጻፉ በኋላ በ1983 በትውልዳቸው በሉኦ ቋንቋ መጽሐፍ አወጡ። እንግዲህ የባዕድ ቋንቋ ማወቅ ነውር አለመሆኑን ከነዚህ ሰዎች እንረዳለን። ነውሩ የባዕዱን ለመያዝ ሲሉ የራስን መጣል ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ የገዛ ፊደላችን ስላለን፥ ይህ ፈተና የማይደርስብን ይመስለን ይሆናል። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ከካምፓላው ጉባኤ ሃምሳ አራት ዓመት ቀድሞ በ1908 በሮም ታትሟል። ነገር ግን ፊደል በሣጥን ተቈልፎ የሚቀመጥ ርስት አይደለም፤ ካልተነበበ ይጠፋል። ልጁ በባዕድ ቋንቋ ሲያነበንብ ደስ ብሎት፥ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ማንበብ ሲያቅተው የሚስቅ አባት ስንቱ ነው! በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፥ በትግርኛም ሆነ በሌላው በአገራችን ቋንቋ፥ እናት ለልጇ የነገረችው ቃል የዕውቀት መሠረት መሆኑን አንዘንጋ።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ በሳምንት አንድ ማታ ከራት በኋላ ልጆቻችሁን ሰብስቡ። ከመካከላቸው አንዱ በቤታችሁ ቋንቋ ከተጻፈ መጽሐፍ ጥቂት ገጽ ጮኾ ያንብብ፤ ሌሎቹ ይስሙ፤ ሽማግሌም ካለ የከበደውን ቃል ይፍታላቸው። በካምፓላ አዳራሽ ቦታ ያጣው የእናት ቋንቋ በቤታችን መካከል የክብር ወንበር ያግኝ።