ሻንጣ ስናዘጋጅ የፈታሿን እጅ እናስብ

ልጅ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የእናት ሥራ የሚጀምረው ከጓዳዋ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ የምትኖር እናት በርበሬና ሽሮ ታስፈጫለች፤ ጀበናና ሲኒ፣ የሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋም ትጨምርበታለች። ለመሆኑ ይህ ሁሉ በየትኛው ሻንጣ፣ እንዴት ሆኖ መግባት እንዳለበት አስበንበት እናውቃለን?

ስለታም ቢላዋም ሆነ ሹል ዕቃ በእጅ ተይዞ ወደ አውሮፕላን አይገባም። ለውድድር የሚጓዝ ስፖርተኛ እንኳ ቀስትና ፍላጻውን የሚያስረክበው ከጭነት ሻንጣ ጋር ነው። ከሱሉልታ በእንጦጦ፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሰበታ በአየር ጤና አድርጎ ቦሌ የደረሰ መንገደኛ በመፈተሻው ላይ የተያዘበትን ዕቃ ወደ ቤት የሚመልስበት ጊዜ የለውም። የአያት መታሰቢያ የሆነ ቢላዋ እዚያው ሊቀር ይችላል።

ቢላዋው በጭነት ሻንጣ ገባ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ሻንጣውን ከፍታ የምታይ ፈታሽ፣ አንስቶ የሚጭን ሠራተኛ አለ። እነርሱም እንደ እኛው በእጃቸው ሠርተው ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ስለዚህ ስለቱን በወፍራም ካርቶን ሸፍኑት፤ በፕላስተር አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከዚያም በሻንጣው መካከል በልብስ ክበቡት። ፍላጻም ቢሆን ጫፉ ተሸፍኖ፣ እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ በጠንካራ ሣጥን ይቀመጥ።

የጀበናውን ሆድ በካልሲ ሙሉት፤ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሉት። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልሉ። ማር በፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በጭነት ሻንጣ ይግባ፤ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ የሚፈቀደው ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ቅቤና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሄድ መንገደኛ የተከለከሉ ናቸው፤ በከንቱ አትድከሙ። የስልክ መሙያ ፓወር ባንክ በተቃራኒው በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ባትሪው እሳት ቢያስነሳ ከሰው ዐይን መራቅ የለበትም።

በመጨረሻ፣ ጎረቤት የላከውን አደራ ይሉኝታ ይዟችሁ ሳትከፍቱ አትቀበሉ። በመፈተሻው ላይ የምትጠየቀው የሻንጣው ባለቤት እንጂ ላኪው አይደለም። እናት ብታግዝም ሻንጣውን ተጓዧ ራሷ ትሙላው፤ እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ ትወቅ። በዚህ መልክ የተዘጋጀ ሻንጣ የሠራተኛውን እጅ አይጎዳም፤ የእናትንም ድካም ከንቱ አያስቀርም።