«በካርዱ ግዛው፣ አባዬ»

ከሁለት ዓመት በፊት ፌርፋክስ ውስጥ ለአዲስ አበባ ጉዞ ስጦታ ስንሸምት፣ «በቃ፣ ገንዘብ የለኝም» አልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «ታዲያ በካርዱ ግዛው፣ አባዬ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ካርዴን ማሽኑ ላይ ሳስጠጋ እንጂ ቢሉ ሲመጣ ፊቴ ሲለወጥ አይታ አታውቅም።

ከጉዞው 3,000 ዶላር ግድም ዕዳ ይዤ ተመለስኩ። ባዶ እጅ አይገባማ! ወለዱ በዓመት 24 ፐርሰንት ነበር። ለጥቂት ወራት «ሚኒመም» የምትባለውን እየከፈልኩ ራሴን ከጥሩ ከፋዮች ቆጠርኩ። ሙያዬ ምህንድስና ነው፣ ቁጥር አያስፈራኝም፤ ይህችን ስሌት ግን ሸሸኋት።

አንድ ማታ ኤክሴል ከፍቼ ሠራሁት። በብዙ ካርዶች ሚኒመሙ የወሩ ወለድ ሲደመር ከዋናው ዕዳ 1 ፐርሰንት ነው። ለ3,000 ዶላር የመጀመሪያው ክፍያ 90 ዶላር ይመጣል፤ 60ው ወለድ ነው። ተንኮሉ፣ ዕዳው በቀነሰ ቁጥር ክፍያውም አብሮ መቀነሱ ላይ ነው። ክፍያው ከ35 ዶላር በታች አይወርድም ብንል፣ ሌላ ምንም ሳይገዙበት እንኳ ዕዳው ለማለቅ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ወለዱም ከ4,400 ዶላር ያልፋል። ያችኑ የመጀመሪያዋን 90 ዶላር ሳይቀንሱ በየወሩ ቢከፍሉ ግን በ56 ወር ያልቃል፣ ወለዱም 2,000 ግድም ነው። 180 ቢያደርጉት 21 ወር ይበቃል፤ ወለዱ ወደ 700 ይወርዳል።

ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከፌብሩዋሪ 2010 ጀምሮ ሚኒመም ብቻ የሚከፍል ሰው ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት፣ በ36 ወር ለመጨረስም ስንት መክፈል እንዳለበት ቢሉ ላይ ይጻፋል። ማን ያነበዋል? ደግሞም ሙሉውን ያልከፈለ ሰው ባብዛኛው ያለ ወለድ የሚሰጠውን የዕፎይታ ጊዜ ያጣል፤ ዛሬ የገዛው ቡና ከዛሬ ጀምሮ ይወልድበታል።

ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ዕቁቤን አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም፤ ሥራ ፈትቼ በነበረ ጊዜ እንኳ ተበድሬ ጥያለሁ። እዚያ ጸሐፊ ስሜን ይጠራል፣ ሰው ያየኛል። የካርዱን ዕዳ ግን ማንም አያይም፤ ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ ልጄን ጸሐፊ አደረግኋት። ደብተር ገዛንላት። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ቢሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን 180 ዶላር ስከፍል፣ የከፈልኩትን፣ ወለዱንና የቀረውን ትጽፋለች። በመጀመሪያው ቀን የወለዱን ቁጥር አይታ «ይኼ ምን ገዝተንበት ነው?» አለች። ምንም እንዳልገዛንበት ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ወጪ በዝቶብኝ «ለዚህ ወር 100 ይሁን» ብዬ ለመንኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ዕቁብ ላይ እንዲህ ይባላል?» አለችኝ። 180 ከፈልኩ። በደብተሯ መሠረት አምስት ወር ቀርቶናል።