ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ፤ ቀዶ ሕክምናው መቼ ያስፈልጋል? ማገገሙስ ምን ይመስላል?

ቀኑን ሙሉ ሲያርም የዋለ አርሶ አደር ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ከእንቅልፉ ይባንናል። የቀሰቀሰው የገዛ እጁ ነው። አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ ደንዝዘዋል፤ ያቃጥሉታልም። እጁን ደጋግሞ ያራግፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይተወዋል። ሲነጋ "ተጭኜው ተኝቼ ነው" ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። በከተማም እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሹሩባ ሠሪዋ፣ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የሚሠራው ባለሙያ ተመሳሳይ ሌሊት ያሳልፋሉ። ብዙዎቹ ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ችለውት ይኖራሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ሕመም ታጋሹን አይክስም።

ለመሆኑ ሕመሙ ምንድን ነው?

በሕክምናው አጠራር ካርፓል ተነል ሲንድረም ይባላል። በእጅ አንጓ ላይ ከሥር በትንንሽ አጥንቶች፣ ከላይ በጠንካራ ጅማት የተከበበ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ አብረው ያልፋሉ። በውስጡ እብጠት ሲፈጠር ወይም ቦታው ሲጠብ ተጨቁኖ የሚጎዳው ነርቩ ነው። ነርቩ ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ነው። ስለዚህ ትንሿ ጣት ደኅና ሆና ሌሎቹ ከደነዘዙ ጥርጣሬው ወደዚህ ሕመም ያጋድላል።

በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል። በኃይል መጨበጥና መጠምዘዝ የሚደጋገምበት ሥራ፣ እጅን የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ፣ የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ቁጣ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ቀድሞ የተሰበረ አንጓ ያጋልጣሉ። በእርግዝና ወቅትም ይከሰታል፤ ይህኛው ግን ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል።

የሚደነዝዝ እጅ ሁሉ ግን የዚህ ሕመም ውጤት አይደለም። እጅና እግር አብረው ከደነዘዙ የስኳር ሕመም ወይም የቫይታሚን እጥረት፣ ድንዛዜው ከአንገት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የአንገት ነርቭ ችግር ሊሆን ይችላል። አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ የአንድ ጎን ክንድ ወይም እግር በድንገት ከዛለ ጉዳዩ የጭንቅላት ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው አማራጭ ነውን?

ለብዙዎች አይደለም። ድንዛዜው ሌሊት መጥቶ ቀን የሚጠፋ ከሆነ ሕክምናው በቀላሉ ይጀመራል። አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ሌሊት ሌሊት ለ6 ሳምንታት ያህል ማሰር የነርቩን ጫና ይቀንሳል። ሰው ሲተኛ አንጓውን ስለሚያጥፍ ነው ሕመሙ ሌሊት የሚብሰው። ከዚህ ጎን ለጎን ሥራውን በየመሐሉ ማረፍ፣ የመሣሪያን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር፣ ስኳርንና የእንቅርት ዕጢን አስመርምሮ መታከም ይገባል። መደገፊያው ካልበቃ ሐኪሙ በአንጓው ላይ የስቴሮይድ መርፌ ሊሰጥ ይችላል። መርፌው ለሳምንታት ወይም ለወራት እፎይታ ይሰጣል፤ በብዙ ሰዎች ላይ ግን ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ማስታገሻ ክኒን ነርቩን ከጫና አያላቅቀውም። የወጌሻ እሽትም እንዲሁ የጠበበውን መተላለፊያ አያሰፋውም፤ በኃይል ከታሸ እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ቀዶ ሕክምናን በብርቱ ማሰብ የሚያስፈልገው እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ነው፤ ድንዛዜው ቀንም ሌሊትም የማይለቅ ሲሆን፣ ሲኒ ከእጅ ሲያመልጥ፣ ቁልፍ መቆለፍና መርፌ መያዝ ሲያቅት፣ በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ሲጎድል፣ እንዲሁም መደገፊያውና መርፌው ተሞክረው ለውጥ ሳይገኝ ሲቀር። አስፈላጊ ሲሆን የነርቭን የመልእክት ፍጥነት የሚለካ ምርመራ የጉዳቱን መጠን ያሳያል።

ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ነርቩ በጣም ሲጎዳ ማቃጠሉና ጠቅ ጠቅ ማድረጉ ሊቀንስ ይችላል። ሰውየው "ተሻለኝ" ይላል፤ ነገር ግን ስሜቱ እየሞተ ነው። የምጣዱን ግለት የማይለይ ጣት ሳያውቅ ይቃጠላል፤ የማጭዱን ስለት የማይለይ ጣት ሳያውቅ ይቆረጣል። ሕመሙ ቀንሶ ድንዛዜው ከጸና ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ከዚያ በላይ መቆየት አይገባም።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ይካሄዳል?

አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን አያስፈልገውም፤ የሚደነዝዘው እጅ ብቻ ነው። ሐኪሙ በመዳፉ መነሻ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍቶ መተላለፊያውን ከላይ የሸፈነውን ጅማት ይቆርጠዋል። ነርቩ አይቆረጥም፤ ከላዩ ያለው ጫና ነው የሚነሣለት። ሥራው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ሲሆን ታካሚው በዕለቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለቱም እጆች የታመሙ ከሆነ አንዱ ካገገመ በኋላ ሌላውን መሥራት የተለመደ ነው፤ መብላትና መታጠብ የሚቻልበት እጅ መቅረት አለበትና። ቁስል መመርቀዝ፣ የነርቭ ጉዳትና የማይለቅ የእጅ ሕመም ሊያጋጥሙ የሚችሉ ጉዳቶች ናቸው፤ የሚከሰቱት ግን በጥቂቶች ላይ ነው።

የማገገሚያው ወራት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ማሳረፍ እብጠትን ይቀንሳል። ጣቶቹን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማጠፍና መዘርጋት ይገባል፤ ያለዚያ ይደርቃሉ። ስፌቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ቁስሉን ውኃ፣ አፈርና እበት ሊነካው አይገባም፤ ማለብም፣ ሊጥ ማቡካትም፣ በረት መጥረግም ለሌላ ሰው ይተዋል። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሕመሙ ከዕለት ወደ ዕለት ከጨመረ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

ሌሊት የሚቀሰቅሰው ማቃጠል ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይተዋል። በዚህ የተደሰተ ታካሚ ቶሎ ወደ ከባድ ሥራ ሊመለስ ይቃጣዋል፤ የእጅ ጥንካሬ ግን ቶሎ አይመለስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልበስ፣ መብላት፣ መጻፍና ቀላል የቤት ሥራ ይቻላል። እርፍ መጨበጥ፣ በዶማ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥና 20 ሊትር ጀሪካን ማንሣት ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንታት መጠበቅ አለባቸው። በመዳፉ ግራና ቀኝ የሚሰማው ሕመም ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ድንዛዜው የቆየ ከሆነ ስሜቱ እስኪመለስ እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የጎደለው የአውራ ጣት ሥጋ ግን ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወቅትና ነርቭ

በእጁ ጉልበት ለሚኖር ሰው የእነዚህ ሳምንታት ዋጋ ከባድ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ይመከራል። ሕመሙ መካከለኛ ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ውቂያው ተጠናቅቆ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ በጥር ወር መታከም ዋናው እርሻ ሳይደርስ ለማገገም ጊዜ ይሰጣል። የከተማው ነዋሪም እንዲሁ የበዓላትንና የሠርግን ወቅት ማስላት ይችላል። ድንዛዜው የማያቋርጥ ከሆነ ወይም የአውራ ጣት ሥጋ መጉደል ከጀመረ ግን ነርቩ አዝመራን አይጠብቅም። አጨዳው በደቦና በወንፈል ሊሸፈን ይችላል፤ የሞተን ነርቭ የሚመልስ ደቦ ግን የለም።

መነሻው በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላትም ከዚያ ተነሥተው በሪፈር ሥርዓቱ ቢጓዙ ሽፋናቸውን አያጡም። እንደ ጥበበ ግዮንና እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምናና የአጥንት ሕክምና ክፍሎች አሉ። ታካሚው ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ነርቬ ምን ያህል ተጎድቷል? ብጠብቅ ምን አጣለሁ? ወደ ሥራዬ መቼ እመለሳለሁ? የእነዚህን መልስ የያዘ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ በቂ ውሳኔ ላይ ይደርሳል።